የሣር ማጨጃ ሮቦት የወሰን ሽቦ፦ ለድሬዳዋ ግቢ የትኛው አዘረጋግ ይሻላል?

ለግቢው የሣር ማጨጃ ሮቦት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው ማሽኖቹን ነው፤ የባትሪውን አቅም፣ የሚያጭደውን ስፋት፣ ዋጋውን። ሥራው የሚቃናው ወይም የሚበላሸው ግን በሽቦው ነው። የወሰን ሽቦው በደንብ ታስቦ ከተዘረጋ መካከለኛ ማሽን ለዓመታት ያገለግላል። በችኮላ ከተዘረጋ ደግሞ ውዱ ማሽን አበባ መደብ ውስጥ ተቀርቅሮ ወይም የማንጎ ሥር ላይ ጎማው እየዞረ ይገኛል። ስለዚህ እዚህ የምናወዳድረው አዘረጋጎችን ነው፤ ያውም ለድሬዳዋ። ፀሐዩ፣ አሸዋማው አፈር፣ ከተራራው ድንገት የሚወርደው ጎርፍ፣ የመብራቱ መቆራረጥና በየግቢው ያሉት ትልልቅ ዛፎች የአውሮፓ ጓሮ ታስቦ የተጻፈውን መመሪያ በብዙ ቦታ እንድናስተካክለው ያስገድዱናል።

አሠራሩን በአጭሩ እንየው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። የባትሪ መሙያ ጣቢያው በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል፤ ቮልቴጁ ዝቅተኛ ስለሆነ ሰው ቢነካው አይጎዳም። ምልክቱ በሽቦው ዙሪያ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ሮቦቱ ያንን በሴንሰሮቹ ያነባል። ሽቦው ከጣቢያው ተነስቶ ግቢውን ዞሮ እዚያው ተመልሶ ካልገባ ምልክት የሚባል ነገር የለም። ከሽቦው በአንዱ ወገን የሚነበበው ምልክት በሌላው ወገን ከሚነበበው ተቃራኒ ነው፤ ሮቦቱ ውስጥንና ውጭን የሚለየው በዚህ ነው። ሽቦው ላይ ሲደርስ ደግሞ ወዲያው አይቆምም፤ አፍንጫው ጥቂት አልፎ ነው የሚመለሰው። ሽቦው ከግንብ መራቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ሽቦ ወይስ ሳተላይት?

ዛሬ ሽቦ የማይፈልጉ ማሽኖች አሉ። አብዛኞቹ የሳተላይት ምልክት ተቀብለው፣ በአንድ ቋሚ አንቴና ወይም በሞባይል ኢንተርኔት በሚመጣ ማስተካከያ ቦታቸውን እስከ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያውቃሉ። ወሰኑ የሚሠመረው በስልክ ነው፤ መደብ ቢጨመር ካርታውን መቀየር ብቻ ይበቃል። ለሰፊና ሰማዩ ክፍት ለሆነ ሣር፣ ለምሳሌ ለሆቴል ወይም ለትምህርት ቤት ሜዳ፣ ዋጋው ከተቻለ የእኛም ምርጫ ይህ ነው። በተለይ ለሠርግ ድንኳን እየተተከለ በሚነቀልበት ሜዳ ሽቦ መቅበር ጣጣው ብዙ ነው፤ የድንኳኑ ካስማ አንድ ቀን ሽቦውን መብሳቱ አይቀርም።

ከዚራ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰፈሩ ከባቡሩ ጋር አብሮ የተቆረቆረ ነው፤ ግቢዎቹ ያረጁ ትልልቅ ዛፎች አሏቸው፣ ቤቱና አጥሩ የሚተያዩበት ጠባብ መተላለፊያም አያጣቸውም። በጥቅጥቅ የኒም ጥላ ሥርና በሁለት ግንብ መካከል የሳተላይቱ ምልክት ይዳከማል፣ ከግንቡም እየነጠረ ይመጣል፤ ማሽኑ ያለበት ቦታ ይጠፋበትና ይቆማል። ካሜራ ወይም የሌዘር መቃኛ የተጨመረላቸው ማሽኖች ይህን ችግር ያቃልላሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። ጥላ ለበዛበት፣ በግንብ ለታጠረና ቅርጹ ለማይለዋወጥ ግቢ ሽቦው አሁንም የተሻለ ነው። ለዛፍ ጥላ ግድ የለውም፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ቢበላሽም ማንኛውም የኤሌክትሪክ ባለሙያ በቴስተር ፈልጎ ያገኘዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሽቦ ለመረጠ ሰው ነው።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ

ሽቦውን ከጥቅሉ ከመፍታት በፊት ግቢውን ለኩ። 30 ሜትር የሚሆን ሜትር፣ ሲባጎ፣ አንድ ሳህን ኖራና የካሬ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱ ላይ አንድ ካሬ 50 ሴ.ሜ ይሁን። ግንቡን፣ በረንዳውን፣ እያንዳንዱን ዛፍ፣ የውሃ ቧንቧውን፣ የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን፣ ሶኬቱን፣ እንዲሁም ዝናብ ሲጥል ውሃው የሚሄድበትን መስመር አስቀምጡ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ደረቅ ወቅት ላይ የሚለካ ሰው የጎርፉን መንገድ አያየውም፤ የጓሮ ሠራተኛውን ወይም ጎረቤትን መጠየቅ ያሻል።

ከዚያ የርቀቱ ጉዳይ ይመጣል። ቁጥሮቹ ከማሽን ማሽን በጥቂቱ ስለሚለያዩ የገዛችሁት ማሽን መመሪያ ይቅደም። የተለመደው ይህ ነው። ከ5 ሴ.ሜ በላይ ከፍታ ያለው ጠንካራ ነገር፣ ማለትም ግንብ፣ የመደብ ድንጋይ ወይም ከርብ ስቶን ካለ ሽቦው ከ30 እስከ 35 ሴ.ሜ ይራቅ። ጠርዙ ከ1 እስከ 5 ሴ.ሜ ብቻ ከፍ የሚል ወይም ጥልቀት የሌለው ቦይ ከሆነ ከ25 እስከ 30 ሴ.ሜ። ከሣሩ ጋር እኩል የሆነ ንጣፍ፣ ለምሳሌ የበረንዳ ታይል ወይም ተስተካክሎ የተነጠፈ ኮብልስቶን ከሆነ 10 ሴ.ሜ ይበቃል፤ አንዱ ጎማ ንጣፉ ላይ እየሄደ እስከ ጠርዙ ያጭዳል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጠቃሚ ውሳኔ አለ። ግንብ ጥግ ላይ የሚቀረውን 30 ሴ.ሜ ያልታጨደ ሣር ሁልጊዜ በእጅ ማጨድ ትመርጣላችሁ ወይስ አንድ ጊዜ ወጪ አውጥታችሁ በግንቡ ሥር ከሣሩ ጋር እኩል የሆነ የንጣፍ ረድፍ ታስነጥፋላችሁ? በድሬዳዋ ግቢዎች ዋናው ሣር ሰርዶ ነው፤ ሰርዶ ደግሞ ካልተነካ ግንብ ሥር እየተሳበ መደቡን ይወርሳል። አቅም ካለ ንጣፉ ይነጠፍ እንላለን። ረድፉ ቢያንስ ከ25 እስከ 30 ሴ.ሜ ስፋት ይኑረው፤ ከዚያ ካነሰ ጎማው ቦታ ያጣና ማሽኑ ግንቡን እየታከከ ይሄዳል።

ጠጠር ላይ ግን ማሽኑ ፈጽሞ አይውጣ። ምላጩ ትንሽ ጠጠር ሲመታ ወይ ይጎብጣል ወይ ጠጠሩን ያስፈነጥረዋል። የመኪና ማቆሚያው ጠጠር የፈሰሰበት ከሆነ ከጠርዙ 30 ሴ.ሜ ያህል ወደ ሣሩ ገባ ማለት ይበጃል።

ላይ በችካል ወይስ መቅበር?

ሁለቱም ይሠራሉ። ልዩነቱ በመሥሪያ ጊዜ፣ ስህተት ለማረም ባለው ዕድልና ሽቦው በሚበጠስበት ምክንያት ላይ ነው።

በችካል ሲሆን ሽቦው መሬት ላይ ተዘርግቶ በየ75 ሴ.ሜ ቢበዛ በፕላስቲክ ችካል ይያዛል፤ መታጠፊያዎች ላይ ችካሉ ይቀራረባል። ቀድሞ ሣሩ በተራ ማጨጃ ወይም በማጭድ አጠር ተደርጎ መታጨድ አለበት፤ አለበለዚያ ሽቦው ሣሩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀርና በመጀመሪያው ቀን በምላጩ ይቆረጣል። ጥሩ ውሃ የሚያገኝ ሰርዶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ሽቦው አይታይም። ሮቦቱ አንድ ቦታ ላይ የሚቸገር ከሆነ ችካሉን ነቅሎ ሽቦውን 10 ሴ.ሜ ማዛወር ቀላል ነው።

የድሬዳዋ አፈር ግን ችካል ላይ ሁለት ችግር ያመጣል። ደረቅ ወቅት ላይ የተረገጠ መሬት ይጠነክርና ፕላስቲኩ ችካል በመዶሻ ሲመታ ይሰበራል፤ ከአንድ ቀን በፊት መስመሩን ውሃ ማጠጣት ይህን ይፈታል። ወደ ደቻቱ ወንዝ በቀረቡ ግቢዎች ደግሞ መሬቱ ልል አሸዋ ሲሆን ችካሉ ይገባል፣ ግን አይዝም። የውሃ ጎማ ሲጎተት ወይም ሕፃናት ሲሯሯጡ ይወጣል። እዚያ ላይ ረዘም ያለ ችካል ወይም በ"ዩ" ቅርጽ የታጠፈ የጋልቫናይዝድ ሽቦ ይሻላል፤ ክንዶቹ 15 ሴ.ሜ ያህል ይሁኑ። የብረቱ ጫፍ የወሰን ሽቦውን ልባስ እንዳይቀድ መጠንቀቅ ነው።

ሲቀበር ደግሞ ጥልቀቱ ከ2 እስከ 5 ሴ.ሜ ይበቃል። ብዙ አምራቾች እስከ 20 ሴ.ሜ ይፈቅዳሉ፤ ሆኖም በገባ ቁጥር ምልክቱ ላይ ላዩን ይደክማል፣ ብልሽት ፍለጋውም ይከብዳል። ጠፍጣፋ አካፋ ሣሩ ውስጥ በቀጥታ ተክሎ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ስንጥቁን መክፈት፣ ሽቦውን በእንጨት ገፍቶ ማስገባት፣ ከዚያ በእግር መርገጥ ነው። ቦይ መቆፈር አያስፈልግም። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሽቦው ከፀሐይ ይጠበቃል፣ በውሃ ጎማ አይጎተትም፣ የተራቆተ መሬት ላይም ምላጭ አያገኘውም።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን እዚህ ላይ ነው። 5 ሴ.ሜ የተቀበረ ሽቦ ከዶማ አይድንም፤ እንዲያውም ስለማይታይ የበለጠ ይጋለጣል። ግቢ ውስጥ ሽቦ የሚበጠስበት ዋናው ምክንያት ማሽኑ አይደለም፤ መደብ ሲኮተኮት፣ ችግኝ ሲተከል፣ የውሃ ቧንቧ ሲጠገን ነው። ስለዚህ በየመደቡ ጠርዝ የሚያልፈው ሽቦ በወረቀት ላይ በደንብ ተለክቶ ይቀመጥ፤ ወረቀቱም በፕላስቲክ ተሸፍኖ የቆጣሪ ሳጥኑ አጠገብ ይሰቀል፤ የሚቆፍረው ሰው የቤቱ ባለቤት ላይሆን ይችላልና።

ለዚህ ከተማ የምንመክረው ቅይጡን ነው። ሁሉንም መጀመሪያ በችካል ዘርጉ፤ ቢያንስ አንድ የዝናብ ወቅት በዚያው ይለፍ። ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ማሽኑ የት እንደሚንሸራተት፣ የትኛው ጥግ እንደሚያስቸግር ይታያል። ከዚያ የሚገባቸውን መስመሮች ብቻ ቅበሩ፤ ሰው የሚመላለስበትን፣ ሣር ያልያዘውን ደረቅ ቦታ፣ የውሃ ጎማ የሚጎተትበትን። ዛፍ ሥር ያለውን ሽቦ ግን መቅበር አንመክርም። የኒምና የማንጎ ሥር እየወፈረ ሽቦውን ይወጥረዋል፤ ወይ ይበጥሰዋል ወይ ማያያዣውን ያላቅቀዋል።

ጎርፍ የሚያልፍበት ግቢ ምርጫው ጠባብ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ከተማዋን ያጥለቀለቀበት ጎርፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የድሬዳዋ ሰው ያውቀዋል፤ ትንንሾቹ ጎርፎችም ቢሆኑ በአንድ ሌሊት ላይኛውን አፈር አጥበው ችካሉን ከነሽቦው ይወስዳሉ። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ሽቦውን ከማሳለፍ ሣሩን ለሁለት ከፍሎ ያንን ቁራጭ ከወሰን ውጭ መተው ይሻላል። ግድ ማለፍ ካለበት በፕላስቲክ ኮንዲዩት ውስጥ ገብቶ 15 ሴ.ሜ ይቀበር፣ ላዩም በድንጋይ ይጫን።

ደሴት መሥራት ወይስ እንዲጋጭ መተው?

ሣሩ መካከል ያለ ነገር ሁሉ በሽቦ ተከብቦ ደሴት መሆን አለበት የሚል ሐሳብ አለ። ስህተት ነው፤ ሽቦና ችካል ያስጨርሳል፣ የብልሽት ቦታዎችንም ያበዛል። ከ15 ሴ.ሜ በላይ ቁመት ያለው፣ ቢገፋ የማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ግንዱ ቀጥ ብሎ ከመሬት የወጣ ዛፍ፣ የመብራት ምሰሶ ወይም የግንብ አግዳሚ ወንበር፣ እንዳለ ይተው። ሮቦቱ ቀስ ብሎ ይነካውና ይመለሳል።

መከበብ ያለበት ሌላ ነው። ሥሩ ከመሬት እየተንሻፈፈ የወጣ ዛፍ አንዱ ነው፤ ማሽኑ ሥሩ ላይ ይወጣና ሆዱ ይሰቀላል፣ ወይም ምላጩ ሥሩን ይመታል። ያረጁ የማንጎ ዛፎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ማንጎው ሲረግፍ ፍሬውም ማሽኑ ሥር ይገባል፤ ስለዚህ ክበቡ ፍሬ የሚረግፍበትን ያህል ሰፋ ቢል ይጠቅማል። አበባ መደብ፣ ኩሬ፣ ለጋ ችግኝ፣ የቧንቧ ጉድጓድና ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የጠብታ መስኖ ቱቦም ይከበባሉ።

ደሴት የሚሠራው እንዲህ ነው። ሽቦው ከዋናው ወሰን ተነስቶ ወደ መደቡ ይሄዳል፣ መደቡን ይዞራል፣ በሄደበት መንገድ ተመልሶ ዋናውን ወሰን ይቀጥላል። የሚሄደውና የሚመለሰው ሽቦ ተነካክተው በአንድ ችካል ሥር መያዝ አለባቸው። የሁለቱ ፍሰት ተቃራኒ ስለሆነ ምልክታቸው ይጠፋፋል፤ ሮቦቱም ያለ ምንም ችግር በላያቸው ያልፋል። ተራርቀው ከተዘረጉ ግን በሣሩ መካከል የማይታይ አጥር ሆኖ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ነጥብ የመዞሪያው አቅጣጫ ነው፤ ደሴት የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ለማስታወስ የሚቀል ሕግ አለ፦ ሽቦውን እየዘረጋችሁ ስትሄዱ የሚታጨደው ሣር ሁልጊዜ በአንድ እጃችሁ በኩል ይሁን። ዋናውን ወሰን ሣሩን በግራ እጅ አድርጋችሁ ከጀመራችሁ ደሴቱንም ሣሩን በግራ፣ መደቡን በቀኝ አድርጋችሁ ዙሩ። ይህ ከተጠበቀ ሽቦው የትም ቦታ ራሱን አያቋርጥም። ከተገለበጠ ሮቦቱ መደቡን እንደ ሥራ ቦታው፣ ዙሪያውን እንደ ውጭ ያነበዋል።

ሦስት መደቦች ተቀራርበው ካሉ በሦስት ደሴት ፈንታ አንድ ላይ ይከበቡ። በመካከላቸው የሚቀረው ጥቂት ሣር በማጭድ ይታጨዳል ወይም ተነቅሎ መደቡ ይሰፋል። መደቡ ከአጥሩ ከ2 ሜትር የማይርቅ ከሆነ ደግሞ ደሴት መሥራቱን ትታችሁ ዋናው ወሰን ራሱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንዲያልፈው አድርጉ። መታጠፊያዎቹ ሹል አይሁኑ፤ ከ90 ዲግሪ የጠበበ ማዕዘን ላይ ማሽኑ ምልክቱን ያጣል፣ ቀስ ብሎ መዞር ይሻለዋል።

የተለያዩ ሁለት ሣሮች

ፊት ለፊት አንድ፣ ጓሮ ሌላ ሣር ያለው ቤት ብዙ ነው። ምርጫው በመተላለፊያው ስፋት ይወሰናል። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ቢያንስ 60 ሴ.ሜ ያህል መቅረት አለበት፤ ከየግንቡ 30 ወይም 35 ሴ.ሜ ሲጨመር መተላለፊያው ከ1.20 እስከ 1.30 ሜትር ካልሆነ ማሽኑ አያልፍም። ማለፍ ቻለ ማለት ደግሞ በቀላሉ ያገኘዋል ማለት አይደለም። መተላለፊያው ከ2 ሜትር ከጠበበ መሪ ሽቦ ያስፈልጋል፦ ከጣቢያው ተነስቶ በመተላለፊያው ውስጥ አልፎ ከሩቁ ወሰን ጋር የሚገናኝ ሽቦ። ሮቦቱ ባትሪው ሲደክም ይህን ተከትሎ ይመለሳል፤ ሩቅ ወዳለው ሣር ሲሄድም ይህን ተከትሎ ይወጣል። መሪ ሽቦው ወሰን ሽቦውን፣ ወደ ደሴት የሚሄደውንም ጭምር፣ ማቋረጥ የለበትም። ስለዚህ መንገዱ ከደሴቶቹ በፊት ወረቀት ላይ ይወሰን።

መተላለፊያው ከ1.20 ሜትር የጠበበ ከሆነ አትታገሉ። ጓሮውም በዚያው ሽቦ ይከበብ፣ ማሽኑ ግን በእጅ ተወስዶ እዚያ ይለቀቅ፤ ባትሪው ሲያልቅ ተሸክሞ መመለስ ነው። ለትንሽ ጓሮ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይህን ማድረግ ለጠባብ መተላለፊያ ንጣፍ ከማስፈረስ ይሻላል። በኮብልስቶን መንገድ ማቋረጥ ካለበት ሽቦው በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት ይግባና አሸዋ ይሙላበት። ኮንክሪት ከሆነ በግራይንደር ጠባብ መስመር ተቀዶ ሽቦው ይገባና በሲሚንቶ ይደፈናል።

የሐረር ግቢዎች ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ተዳፋት። ወሰኑ የሚያልፍበት ቦታ ቁልቁለቱ በ1 ሜትር ከ15 ሴ.ሜ በላይ የሚወርድ ከሆነ ማሽኑ ሽቦው ላይ መቆም እያቃተው ወደ ታች ይንሸራተታል፣ በተለይ ሣሩ ሲረጥብ። 1 ሜትር ጣውላና ውሃ ልክ ይዞ መለካት ቀላል ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሽቦው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ደልዳላ ላይ ይቁም።

ጣቢያው የት ይቀመጥ?

ከፊቱ 3 ሜትር፣ ከግራና ቀኙ 1.5 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ መሬቱም ደልዳላ ይሁን። በድሬዳዋ ሁሉን የሚበልጠው ግን ጥላ ነው። ሊቲየም ባትሪ በጣም ሲሞቅ መሙላት ያቆማል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውል ጣቢያ በግንቦትና በሰኔ ማሽኑን ሳይሞላ ያውለዋል፤ ባትሪውም ቶሎ ያረጃል። የቤቱ ምሥራቃዊ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ጥላ ስለሚሆን ጥሩ ነው። ዛፍ ሥርም ይሆናል፣ ግን ፍሬና ቅጠል የሚያራግፍ ዛፍ ከሆነ ትንሽ ክዳን ይሠራለት። የሥራ ሰዓቱ ማለዳና አመሻሽ ይሁን፤ ሌሊት ግን አይለቀቅ፣ በጨለማ የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ እንስሳት ላይ ጉዳት ያደርሳል። ሕፃናት ሣሩ ላይ ሲጫወቱ ማሽኑ ቆሞ መዋል አለበት።

መብራት ሲጠፋ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል፤ ሮቦቱ ባትሪው ሙሉ ቢሆን እንኳ ባለበት ይቆማል፣ መብራት ሲመለስ ይቀጥላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ጉዳት የሚያመጣው መብራቱ ሲመለስ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። የጣቢያውን ትራንስፎርመር በስታቢላይዘር ወይም በመዋዠቅ መከላከያ በኩል ማገናኘት ይገባል፤ መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ከሶኬት መንቀል። ትራንስፎርመሩ መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ቢያንስ 30 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ከቆርቆሮ አጥር ራቅ ማለትም ይበጃል። ትልቅ ብረት፣ መሬት ውስጥ የቀረ ፌሮም ጭምር፣ በአቅራቢያው ያለውን ምልክት ያዛባዋል። ጎረቤትም እንዲሁ ሮቦት ካለው የሁለታችሁ ሽቦ ጎን ለጎን ቢያንስ 1 ሜትር ይራራቅ።

በቁጥር ሲታይ

24 በ15 ሜትር የሆነ፣ በሦስት ወገን ግንብ፣ በአንዱ ረጅም ወገን እኩል የሆነ የበረንዳ ንጣፍ ያለው ሣር እንውሰድ። መካከሉ ላይ በድንጋይ የተከበበ 3 ሜትር ስፋት ያለው ክብ መደብ አለ። ከግንቦቹ 35 ሴ.ሜ፣ ከንጣፉ 10 ሴ.ሜ ሲቀነስ የወሰኑ ጎኖች 23.3 እና 14.55 ሜትር ይሆናሉ፤ ዙሪያው 75.7 ሜትር። የመደቡ ሽቦ ከድንጋዩ 35 ሴ.ሜ ርቆ ሲዞር 11.6 ሜትር ይፈጃል፤ ከወሰኑ 4 ሜትር ከራቀ መሄጃና መመለሻው 8 ሜትር ነው። ድምሩ 95.3። ከጣቢያው እስከ ማዶው ወሰን 14 ሜትር መሪ ሽቦ ሲጨመር 109 ሜትር ይሞላል። 10 በመቶ ለመታጠፊያና ለትርፍ ጨምሮ 120 ሜትር መግዛት ነው። ችካሉ በየ75 ሴ.ሜ 140 ያህል ይሆናል፤ ለማዕዘኖችና ለሚሰበረው ጨምሮ 170። መደቡን ከግንቡ ጋር አያይዞ ደሴቱን ማስቀረት ቢቻል ሽቦም ችካልም ይተርፋል።

በየማዕዘኑና በየመደቡ አጠገብ 20 ሴ.ሜ ያህል ትርፍ ሽቦ ጠምዝዞ መተው ጥሩ ነው። መደብ ቢሰፋ ወይም ሽቦ ቢበጠስ ሌላ ቁራጭ መቀጠል አያስፈልግም።

የትኛው ሽቦ፣ የትኛው ማያያዣ?

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ለሣር ይበቃል። ሥር ለበዛበትና ድንጋያማ ለሆነ ቦታ ወፍራም ልባስ ያለው ይሻላል። ከገበያ የሚገኘው 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የቤት ሽቦም ምልክቱን ያስተላልፋል። ልባሱ ግን ለፀሐይ የተሠራ አይደለም፤ ስለዚህ የምትጠቀሙበት ከሆነ በችካል አትተዉት፣ ቅበሩት። አንዱን ከሌላው ጋር በአንድ ወሰን ላይ መቀጠል ይቻላል።

ማያያዣ ላይ ግን መቆጠብ የለም። በውስጡ ውሃ የማያስገባ ቅባት ያለው፣ በፒንሳ ተጨምቆ የሚዘጋው ማያያዣ ያስፈልጋል። ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ለጥቂት ወራት ይሠራል፤ ከዚያ እርጥበት ይገባና መዳቡ ይዝጋል፣ ምልክቱም አንዴ እየመጣ አንዴ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ብልሽት ከሙሉ መበጠስ ይልቅ ለማግኘት የከፋ ነው። መሪ ሽቦው ከወሰኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የወሰኑ ሁለት ጫፍና የመሪው አንድ ጫፍ በአንድ ባለ ሦስት ቀዳዳ ማያያዣ ይገባሉ።

ሳይሠራ ሲቀር

ጣቢያው ላይ ያለው መብራት ሽቦው መበጠሱን ካሳየ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፍ ነቅሎ በቴስተር መለካት ነው። 0.75 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በ100 ሜትር ወደ 2.3 ኦም ያሳያል፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ወሰኑ ሲለካ ከ2 እስከ 3 ኦም ከሆነ ጤነኛ ነው። 20 ወይም 30 ኦም ካሳየ የዛገ ማያያዣ አለ። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል።

የተበጠሰበትን ለማግኘት ግቢውን መቆፈር አያስፈልግም። ወደ ግማሽ ዙሪያው የሚደርስ ትርፍ ሽቦ በአንደኛው ጫፍ አገናኝታችሁ ወደ መካከሉ ሂዱ፤ እዚያ ከተውነው ትርፍ ጥምዝ ላይ ሽቦውን ቆርጣችሁ በትርፉ ሽቦና ወደዚያ ጫፍ በሚመለሰው ግማሽ መካከል ለኩ። ካነበበ ያ ግማሽ ደህና ነው፤ ብልሽቱ በሌላው ወገን ነው። የተበላሸውን ግማሽ እንደገና ለሁለት እየከፈሉ ሲሄዱ በአራት አምስት ልኬት 100 ሜትሩ ወደ ጥቂት ሜትር ይጠብባል። እያንዳንዱ የተቆረጠ ቦታ ወዲያው በማያያዣ ይዘጋ።

መብራቱ ደህና ሆኖ ሮቦቱ ሣሩ መካከል ከወሰን ውጭ ነኝ ብሎ ከቆመ ሁለቱ ጫፍ ጣቢያው ላይ ተቀያይረዋል፤ ማቀያየር ብቻ ነው። አንድ ደሴት ዙሪያ ብቻ የሚሳሳት ከሆነ የዚያ ደሴት አዞር ተገልብጧል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ሽቦውን ሳይሆን መሬቱን ተመልከቱ፤ ሥር ወጥቶ፣ ጉድጓድ ተፈጥሮ ወይም የውሃ ጎማ ተዘርግቶ ቀርቶ ይሆናል። ጎማ ሁልጊዜ ተጠቅልሎ መቀመጥ አለበት፤ ምላጩ ላስቲክ ይቆርጣል።